ሆዴ አንድ ፎቅ ወጥቷል

ዛሬ ዝናብ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግን የኅዳር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አይዘንብም፣ አያባራም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ እሱ ሥራ። ተነስቼ ብቻዬን ቡና አፈላሁ። ብቻ ማፍላት ድሮ አፍርበት ነበር። አሁን እጣንም አጨሳለሁ፤ የጭስ አላርሙን አውርጄ።

ስቀዳ ከጀበናው አፍ ጠብታ ተፈናጥሮ ደረቴ ላይ አረፈ። ያወቅኩት ነጩ ቲሸርቴ ላይ ቡኒ ነጥብ ሳይ ነው። አሁን ከእሳት የወረደ ቡና ነው እኮ። አልተሰማኝም።

ግራ ጡቴ ላይ ነው ያረፈው። ግራዬ ደግሞ በካንሰር ወጥቶ እንደ አዲስ ከተሠራ ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሙቅ ከቀዝቃዛ አይለይም። አልተነገረኝም አልልም። ነርቩ ይቆረጣል፣ ስሜቱ በከፊል ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ የሙቅ ውሃ ከረጢት እንዳታስጠጊ፣ ሳይታወቅሽ ትቃጠያለሽ ተብያለሁ። ያኔ ግን የማስበው ስለ ካንሰሩ ነበር። ስለ ከረጢት ማን ያስባል?

ነጥቧን እያየሁ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሆድ ባሰኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እንባዬን ረሳሁት፦ ሆድ ባሰኝ ስል የትኛው ሆዴ ነው የባሰው?

የኔ ጡት ከሆዴ ነው የተሠራው። ዲፕ ይሉታል። ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ያነሱና፣ ደረት ላይ ካለ የደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ እያዩ ይሰፉታል። የሆድን ጡንቻ ቦታው ላይ ይተዉታል፤ በድሮው አሠራር እሱም አብሮ ይሄድ ነበር። የኔው 9 ሰዓት ፈጀ። ስለዚህ ሆዴ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ደረቴ ላይ ነው። ሆድ ይፍጀው እያልኩ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ሁሉ አንድ ፎቅ ወጥቷል። እናቴ ልጅ ሆኜ «ሆደ ሰፊ ናት» እያለች ታሞግሰኝ ነበር። ሰፊውን ቆርጠው ወሰዱት፣ ሆደ ባሻ ሆኜ ቀረሁ።

እየቀለድኩ አይደለም። እሺ፣ እየቀለድኩ ነው። ግን መስታወት ፊት ስቆም፣ ትልቁን ሳረግዝ ሆዴ ላይ የወጣው ሸንተረር ጡቴ ላይ ነው የማየው። ሦስት ቀጫጭን፣ ነጣ ያሉ መስመሮች፣ ከጠባሳው ሥር ወደ ብብቴ ተጋድመዋል። ልጄን የተሸከምኩበት ቆዳ ልጄን ያጠባሁበት ቦታ ላይ። አንዳንድ ቀን ይህ ነገር ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተሳስቼ የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ነርሷ በየሰዓቱ ትመጣለች። እስክሪብቶ የምታህል ነገር ጄል ቀብታ አዲሱ ጡቴ ላይ ታሳርፋለች። ሽው፣ ሽው፣ ሽው ይላል። ደሙ ይመላለሳል ማለት ነው። ድምፁ ከጠፋ በሩጫ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እንደምመለስ ነግረውኛል። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሰዓቷን እጠብቅ ነበር። የትልቁን የልብ ምት መጀመሪያ የሰማሁ ቀንም ትንፋሼን ይዤ ልክ እንዲህ ነበር የጠበቅኩት። ያኔ ያንን ሥጋ ወደድኩት። የተቀያየምነው በኋላ ነው።

ኬሞ ላይ እያለሁ ቤቴ በሰው ይሞላ ነበር። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ጸበል በሃይላንድ። ጡት ነካሽ ሲባል ነበር የማውቀው፤ ነካሽ ጡት ያየሁት ራሴ ላይ ነው እያልኩ ጠያቂውን አስቅ ነበር። ድብርቱ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ፣ ድሬኑ፣ ወጣ፣ ፀጉሬ በቀለ፣ ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ስልኩ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ክሊኒኩ 9 ጥያቄዎች ያሉትን የድብርት መጠይቅ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበልኝ። «ባለፉት 2 ሳምንታት ድብርት ተሰምቶዎታል?» አዲስ አበባ ያደገ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ደበረኝ ይላል፤ ምን ብዬ ልመልስ?

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

አስተርጓሚው ትንሽ ዝም አለ። የመልሱ ምርጫ አራት ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አንዱም ውስጥ አይገባም። «እህቴ፣ ምንም፣ የተወሰኑ ቀናት...» እያለ ደገመልኝ። ምንም በልልኝ አልኩት። እውነቱን ለማውጣት ሌላ አራት ወር ፈጀብኝ። አሁን ክኒን እወስዳለሁ። እሱም ተመርጦ ነው፤ አንዳንዱ የድብርት መድኃኒት ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን የታሞክሲፈንን ሥራ ያደናቅፋል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ መጠይቅ ተላከልኝ። ብሬስት-ኪው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፤ ጡቷን መልሳ ያሠራችውን ሴት ራሷን ይጠይቃል። ለብሰሽ መስታወት ስታዪ ምን ያህል ረክተሻል? ሳትለብሺስ? እንደ ማትሪክ ለየክፍሉ ከ100 ይታረምልሻል።

ለብሰሽ ለሚለው «በጣም ረክቻለሁ» አልኩ። እውነት ነው። እሁድ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስገባ ማን ያውቅብኛል? ሳትለብሺ ለሚለውም «በጣም ረክቻለሁ» አልኩ። ይሄ ውሸት ነው። ሐኪሜ ያነበዋል ብዬ እኮ ነው። ሰውየው 9 ሰዓት ቆሞ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር ሰፍቶኛል። በየት በኩል አልፌ ነው «ትንሽ ቅር ብሎኛል» የምለው? ይሉኝታ ውጤት ላይ ስንት እንደሚጨምር ያጠና ሰው ይኖር ይሆን? ስለ አልጋ የሚጠይቀው ክፍል ሲመጣ ስልኩን ደፋሁት። አላብራራም፤ እህቶቼ ይህን ያነባሉ።

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ከእኔ 4 ዓመት ቀድማ ነው ጡቷን ያስወጣችው። መልሶ ስለመሥራት ወሬም አልተነሳ። መጀመሪያ ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ጥጥ ደግሞ አይከብድም፤ ጡት ማስያዣዋ ወደ ላይ እየሸሸ አንገቷ ሥር ይደርስባት ነበር። ከዚያ ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ከረጢት ሰፋችና ምስር ሞላችበት፤ በእጇ እየመዘነች፣ ከሌላኛው ጋር እስኪስተካከል። ባለፈው ዓመት ስሄድ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከበድ ይላል። ስጫነው ምስሩ ሸርተት ሸርተት ይላል። ገላዋ አሙቆታል።

«ኑሮ የጠና ቀን ወጥ እሠራዋለሁ» አለችና ሳቀች።

የኔን አሳየኋት። በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይሰማሻል?»

«አይ።»

«የኔም አይሰማም» አለችና ምስሯን ቦታው መለሰች።

እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሕግ አለ። ጡት ለማስወጣት የከፈለ ኢንሹራንስ መልሶ ለመሥራትም፣ ሌላኛውን ለማመጣጠንም ይከፍላል። ዕድለኛ ነኝ። ዕድለኛ መሆኔን በሳምንት አንዴ የሚያስታውሰኝ ሰው አላጣም። ግን ያንን መጠይቅ አክስቴ ብትሞላው ከ100 ስንት ታመጣ ነበር? ትበልጠኛለች ብዬ እጠረጥራለሁ። መብለጧ ለምን እንደሚያናድደኝ ግን አይገባኝም።

አሁንም እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ፤ «መጠይቁን አላጠናቀቁም» ይላል። እሺ፣ ዛሬ እውነቱን ልሙላ ብዬ ከፈትኩት። አንድ ችግር አለ። የሆድ ስብ የትም ቢሄድ የሆድ ስብ ነው፤ ስወፍር ይወፍራል፣ ስከሳ ይከሳል። ዘንድሮ ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ ግራዬ ከቀኜ አንሶ፣ ለፋሲካ ያሰፋሁት ቀሚስ ተንጋደደብኝ። ከዚያ በሁለት ወር ዶሮና ክትፎ ቀኜን አልፎ ሄደ። አሁን ደግሞ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። ታዲያ መጠይቁን ጾሙን ሳልይዝ ልሙላው ወይስ የገና ዶሮ ከተበላ በኋላ?