መሸኛ ያልተሰጠው ልጅ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በጤና ላሸጋገረን አምላክ ምስጋና ይድረሰው።

ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ሌሊት ነው። ችቦው ተለኩሶ አልቋል፣ ቤቱ ቄጤማ ቄጤማ ይሸታል፣ ዶሮ ወጡም ከእሳት ወርዷል። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ጨው ይነሰው ይብዛ የቀመሰው የለም፣ ነገ እናየዋለን። ልጆቹ ተኝተዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት መስመር ጽፌ፣ የአደይ አበባ ፎቶ ለጥፌ እሰናበታችሁ ነበር። ዘንድሮ አልቻልኩም። ክረምቱን ሙሉ "የት ጠፋሽ?" ስትሉኝ ለከረማችሁ መልስ አለብኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሳልነግራችሁ አዲሱን ዓመት መጀመር ያልፈለግኩት አንድ ነገር አለ።

ቤት ቀየርን። ከሽሮ ሜዳ ቦሌ አራብሳ ገባን። ኮንዶሚኒየማችን ደረሰልን!

ይህን ቤት ስንጠብቅ ዕድሜ ነው ያለቀው። መጀመሪያ የተመዘገብኩት በ1997 ነው፣ ገና ሳላገባ። በ2005 ዳግም ምዝገባ ሲባል የሁለት ዓመት ልጄን አዝዬ ተሰለፍኩ። ወሩ ሰኔ ነው፣ ሰልፉ አያልቅም፣ ዝናቡ ይመጣል፤ በነጠላዬ ሸፍኜው ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። 20/80 ማለት ሃያ በመቶውን ራስህ ትቆጥባለህ፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድርሃል ማለት ነው፤ እኛም በየወሩ ከደመወዛችን እየቀነስን ኖርን። ዕጣው በ2015 ወጣልን። ቁልፉን ስንረከብ ቤቱ ግድግዳና ሲሚንቶ ብቻ ነበር፤ ቀለሙ፣ ሴራሚኩ፣ በሩ፣ ይህ ሁሉ እስኪሟላ ሌላ ጊዜ ሄደ። በዚህ መሃል ያ ጀርባዬ ላይ የተኛው ልጅ 14 ዓመት ሞላው። ቁመቱ አባቱን ደረሰ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪም ተፈተነ።

ባለቤቴና እኔ ስለ ቤቱ ስናወራ ሁልጊዜ "ልጆቹ በር ያለው ክፍል ይኖራቸዋል" ነበር የምንለው። ለነሱ ነው የለፋነው። በዚህ አንዱ ሊከፋው ይችላል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ሽሮ ሜዳ ሁለት ክፍል ተከራይተን 13 ዓመት ኖርን። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ከጎረቤት ደግሞ የሸማኔው ዕቃ ድምፅ፣ ካለነሱ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም ነበር። የልጄን መኝታ ከኛ የሚለየው መጋረጃ ነው። ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። ሲያለቅስ አውቃለሁ፣ ሳይተኛ እንደተኛ ሲያስመስል አውቃለሁ። ያ መጋረጃ ለኔ ድህነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲገባኝ ብዙ ነገር የነገረኝ እሱ ነበር።

ዕቃ የጫንነው ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ ነው። ለምን ያን ቀን? አይሱዙው የተገኘው ያን ቀን ስለነበር፣ ኪራዩም ሊያልቅ ስለነበር፣ በቃ። ጫኝና አውራጆቹ ጋር በዋጋ ተጨቃጨቅን፣ ቡፌው በደረጃው አልታጠፍ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በገመድ ተጎተተ፣ ማታ ላይ ሁላችንም ካርቶን መሃል ፍራሽ ዘርግተን ወደቅን። ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል፣ አላስረዝመውም።

የማስረዝመው ሌላ ነው። ቡሄ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ልጄ የሰፈሩ ሆያ ሆዬ አውራጅ ነው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ተቀባይ ሆኖ ወጥቶ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አውራጁ እሱ ሆነ። ግጥም ከራሱ ይጨምራል። ባለሱቋን በሱቋ፣ ሸማኔውን በሸማው፣ አከራያችንን በጸሎታቸው እያነሳ ነው የሚያወድሰው፣ ሰዉም የራሱን ስም ለመስማት በሩ ላይ ይጠብቀዋል። ዘንድሮ ድምፁ ስለጎረነነበት እንዴት እንደሚያወርደው ገና ከሰኔ ጀምሮ በለሆሳስ ሲለማመድ በመጋረጃው በኩል ሰምቼዋለሁ። የኛ ሰፈር ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ከገቡ በኋላ ሆያ ሆዬ አይወጡም፣ ያፍራሉ። ስለዚህ ይህ የመጨረሻው ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብትጠይቁኝ ቁጭ ብዬ እነግራችሁ ነበር። ቀኑን ስንቆርጥ ግን አልመጣልኝም። እሱም አልተናገረም። "ቅዳሜ ነው የምንገባው" ስንለው "እሺ" አለ። እኔ እሺታውን እንደ እሺታ ወሰድኩት።

ዕቃ ስሸክፍ ከአልጋው ሥር የተጠራቀመ እንጨት አገኘሁ። የተሰበረ የወንበር እግር፣ የመጥረጊያ እጀታ፣ ዱላ። አዲስ ቤት ቆሻሻ ይዤ አልገባም ብዬ ሁሉንም አቅፌ ለጎረቤታችን ለማገዶ ሰጠኋት። ማታ አራብሳ ደርሰን ካርቶኖቹን ሲያገላብጥ ቆየና "ዱላዬስ?" አለኝ። "የትኛው ዱላ?" አልኩት። ዝም ብሎ ገባና በሩን ዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፣ አላጋጨውም። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

በነሐሴ 12 ማታ የአዲሱ ሰፈር ልጆች ብሎክ ለብሎክ እየዞሩ የኛን በር አንኳኩ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ። አውራጁ አወረደ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ዱላቸውን የደረጃው ሲሚንቶ ላይ ደለቁት። ያ ድምፅ ነው ልቤን የመታኝ። ለማገዶ የሰጠሁት የልጄ ዱላ በዓይኔ መጣ፣ ከእጀታው በላይ በቢላ የተቀረጹትን መስመሮች፣ ለእያንዳንዱ ቡሄ አንዳንድ መስመር። እኔው ነኝ ቢላውን ያዋስኩት። ለልጆቹ ሙልሙል አልነበረኝም፣ ገንዘብ ሰጥቼ መርቀውኝ ሄዱ። ትንሿ ልጄ እየሮጠች ወንድሟን ልትጠራ ገባችና ተመልሳ "ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኝቷል" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት ሳምንት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሲላክ ይሄዳል፣ አያወራም። ባለቤቴ "ይለምደዋል፣ ጊዜ ስጪው" አለኝ። እህቴ ደግሞ "የአሁን ልጅ ምን ሰፈር አለው፣ ሰፈሩ ስልኩ ነው፣ ጓደኞቹም እዚያው ቴሌግራም ላይ ናቸው" አለች። እኔም አንድ ሰሞን እንደሷ አስብ ነበር፣ አሁን ግን በፍጹም አልስማማም። ልጄ ስልኩን ይዞ ጓደኞቹ የላኩትን የሆያ ሆዬ ቪዲዮ ደጋግሞ ያይ ነበር። አውራጁ ሌላ ልጅ ነው። ስልኩ ያሳየዋል እንጂ እዚያ አያደርሰውም።

የገባኝ ወረዳ መሸኛ ለማውጣት ወደ ሽሮ ሜዳ የተመለስኩ ቀን ነው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ከወረዳ ወረዳ ስትሄዱ የለቀቃችሁበት ወረዳ መሸኛ ይጽፍላችኋል፣ አዲሱ ወረዳ በሱ ይመዘግባችኋል። ወረቀቱን ተቀብዬ የቤተሰቡን ስም ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። የሁላችንም ስም አለ። ለኔና ለባለቤቴ ዕድሩ ቡና አፍልቶ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ መርቆ ሸኝቶናል። እንዲያውም መዋጮውን እየላክን እንድንቀጥል ፈቅደውልናል። ትንሿን መምህሯ አቅፋ ስማ ነው መልቀቂያዋን የሰጠቻት። አከራያችን እያለቀሱ እስከ መኪናው መጥተዋል። ልጄንስ ማን ሸኘው? እሱ ያን ጊዜ አይሱዙው ላይ ፍራሽ እየተቀበለ ነበር። ጓደኞቹ ጠዋት ትምህርት ማጠናከሪያ ክፍል ነበሩ። እንደ ቡፌው ጭነን ነው ያመጣነው።

ማታ በሩን አንኳኳሁ። የራሴን ልጅ በር ሳንኳኳ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና "ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። እኛ ያደግንበት ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ እናቴ ብትሰማኝ ትደነግጥ ነበር። ዱላውን አነሳሁበት፣ አዲስ እንደማሠራለት ነገርኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

"ዱላው አይደለም እማ። ዓርብ ማታ ልንለማመድ ቀጥረን ነበር። አንቺ ዕቃ አሳስረሽኝ ቀረሁ። ቻው እንኳን አላልኳቸውም።"

ዓርብ ማታ ካርቶን በገመድ ሲያስር ነበር። ልክ ነው። እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ "ጎበዝ" እያልኩም አመስግኜዋለሁ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። የ14 ዓመት ልጅ እንደዚያ በአንዴ አይመለስም። ግን አንዳንድ ነገር አለ። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሽሮ ሜዳ ቢሆን የግቢው ልጅ ሁሉ ይራቆትና ጠበል ነው ብሎ ይሮጣል፣ እኔም በረንዳ ላይ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ። እዚህ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ሳይ የብሎኮቹ ልጆች መሃል ሜዳው ላይ እየጮኹ ይዘላሉ። ትንሿ ሳትጠይቀኝ ወርዳለች። ትልቁ በረንዳው ላይ ቆሞ መዳፉን ብቻ ወደ ዝናቡ ዘረጋ። ትልቅ ሰው ነኝ ማለቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ የእህቱን ሲሊፐር አንስቶ "ባዶ እግሯን ነው የወረደችው" ብሎኝ ወጣ። ሲመለስ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሶ ውኃው ይንጠባጠባል። ሲሊፐሩም እጁ ላይ ነው። ምንም አላልኩትም፣ ፎጣ ሰጠሁት።

ብሎካችን ውስጥ በልማት ተነሥተው የመጡ አንድ እናት አሉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከፒያሳ፣ ከካዛንችስ፣ ከሌላም ሰፈር ስንት ሰው እንደተነሣ ታውቃላችሁ። እኛ ቀኑን ራሳችን መርጠን፣ ወደ ራሳችን ቤት ነው የመጣነው። እሳቸው ግን ቡና ሲያፈሉ እስካሁን ድረስ አንዳንዴ ተሳስተው የድሮዋን ጎረቤታቸውን ስም ይጣራሉ። ዛሬ ችቦ ስናበራ ልጄን አይተው "አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ሰፈር ነህ?" አሉት። "ከሽሮ ሜዳ" አለ። አራብሳ አላለም። እሳቸውም አልተገረሙም፣ "እኔም ከሰፈሬ ነኝ" ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ነገ ልጄ ብቻውን ሽሮ ሜዳ ይሄዳል። ራሱ ነው የጠየቀኝ። ሦስት ታክሲ ነው፣ ከተማዋን ከዳር ዳር ማቋረጥ ነው፣ በዚህ ርቀት ብቻውን ሄዶ አያውቅም። ባለቤቴ "በበዓል ቀን? ታክሲ እንኳን ይገኛል?" ብሎ ነበር፣ እኔም ከሱ በላይ ፈርቻለሁ። ከብዙ ንግግር በኋላ ተስማማን። ስልኩ ቻርጅ ይሆናል፣ መገናኛ ሲደርስ ይደውላል፣ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ይደውላል፣ ማታ ከ11 ሰዓት በፊት ቤት ይገባል። ቁርስ አብሮን በልቶ ነው የሚወጣው። ትንሿ እዚሁ ቀርታ፣ ሩፋኤል ዝናብ ላይ ካገኘቻቸው ልጆች ጋር አበባየሆሽ ትወጣለች፣ አደዩን ሜዳው ዳር ስትለቅም ውላለች። ልጄ ከመተኛቱ በፊት መጥቶ "ለልጆቹ ድፎ ቁረጭልኝ" አለኝ። "ስንት ናቸው?" ስለው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ የእያንዳንዳቸውን ስም ጠራልኝ። ከዕቃው ጋር ከጫንነው ቀን ወዲህ እንደዛሬ ብዙ አውርቶኝ አያውቅም።

ግማሹን ድፎ ቆርጬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ነው።

እናንተ ሽሮ ሜዳ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ነገ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ቀጭን ረዥም ልጅ ድፎ አቅፎ በዳገቱ ሲወጣ ካያችሁ የኔ ነው። ቤት አስገቡልኝ፣ ጠላ ሳይሆን ለስላሳ ስጡት፣ ስሙንም ጠርታችሁ እንኳን አደረሰህ በሉት። እኛ ደግሞ አራብሳ ነን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በራችን ክፍት ነው፣ ቡናው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይፈላል። መልካም አዲስ ዓመት!