ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ዲስኩን መርምሩት

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ከሚሴ፣ ኮምፒውተር ቤት የሚገባ ሰው አቤቱታው አንድ ነው፦ «ተንቀራፈፈብኝ»። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ፎርማት። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ሁለት ሳምንት ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያረጀው ሃርድ ዲስኩ ሆኖ ሳለ የታከመው ዊንዶውሱ ነውና። ሳይመረምሩ ፎርማት ማስደረግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ፋይሉ ይጠፋል፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ። ምንም ሳትሠሩበት የዲስኩ መስመር 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ከቆየ፣ የሚያነበውና የሚጽፈው ደግሞ በሰከንድ ከ1 ወይም 2 ሜጋባይት ካላለፈ ማነቆው ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ከ85 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ራም አንሷል። ራም ሲያንስ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚገፋው ሁለቱ ችግሮች ይደጋገፋሉ፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ራም ጨምሮም ለውጥ የማያየው።

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሳህን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ራስ (ሄድ) ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለበት፤ ይህ 5.6 ሚሊሰከንድ ነው። የማንበቢያው ራስ ወደ ቦታው እስኪሄድ ደግሞ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨመራል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው በቺፕ የሚሠራ ዲስክ ግን የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል፤ ልዩነቱ በእያንዳንዷ ፋይል ላይ ይባዛል።

ቀጥሎ የዲስኩ ጤንነት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ከላይ «ጉድ» ስላለ ብቻ አትመኑት፤ ዝርዝሩን አንብቡ። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ላይ ለዓይን በማይመች አጻጻፍ ነው የሚታዩት፤ ፋንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫሊውስ ውስጥ ገብታችሁ 10 የሚለውን ስትመርጡ እንደ ተራ ቁጥር ይነበባሉ። መስመር 05 ተበላሽተው ዲስኩ በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች ይቆጥራል። ሲ5 ሊነበቡ እምቢ ያሉና ፍርድ የሚጠብቁ ቦታዎች ናቸው። ሲ6 ፈጽሞ ያልተነበቡ ናቸው። 05 ላይ ጥቂት ኖሮ ለወራት ካልጨመረ ዲስኩ ገና ሊሠራ ይችላል፤ በየሳምንቱ ከጨመረ ወይም ሲ5 ከዜሮ ከተነሳ ግን ያን ዲስክ አትመኑት። ሲ7 ለብቻው ይታይ፤ እሱ የሚቆጥረው በኬብሉ ላይ የሚፈጠር ስህተትን ነው። ዴስክቶፕ ላይ ሲ7 ሲያድግ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል በአዲስ መተካቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ዲስክ የሚጥል ሰው አለ።

ሲ5 ካደገ ዲፍራግ፣ ቼክ ዲስክ፣ ፎርማት፣ ሁሉም ይቅር። የታመመን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር የሚያስነብብ ሥራ ሁሉ ቀሪ ዕድሜውን ይበላል። መጀመሪያ የማይተካው ይውጣ፦ የቤተሰብ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ ፋይል። ከዚያ በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የሚባለው ነፃ ሥርዓት ከተጫነበት ፍላሽ ተነስቶ ዲዲ ሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ ማንሳት ይቻላል፤ እሱ ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ አንብቦ የተበላሸውን ወደ መጨረሻ ያቆየዋል። ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ካወጣ ግን ወዲያውኑ አጥፉት፤ የማንበቢያው ራስ ሳህኑን እየፋቀ ሊሆን ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

አሁን ግዢው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 የተሠሩት ያገለገሉ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ ላፕቶፖች አብዛኞቹ 2.5 ኢንች የሳታ ዲስክ ይቀበላሉ። ኤስ ኤስ ዲው 7 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የቀድሞው ዲስክ 9.5 ከነበረ የፕላስቲክ ክፈፍ ይደረግበታል፤ አለዚያ ተላውሶ ከሶኬቱ ይወጣል። አዳዲሶቹ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ቀጭን ካርድ ነው የሚፈልጉት፤ ችግር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። 2280 ማለት ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ 2242 እና 2230ም አሉ። መልኩ አንድ ሆኖ የግንኙነት ዓይነቱ ሳታ ወይም ከእሱ የፈጠነው ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል። የሳታው እግሩ ላይ ሁለት ክፍተት አለው፣ የኤንቪኤምኢው ብዙውን ጊዜ አንድ። ያልተስማማ ካርድ ቦታው ላይ ልክ ይገባል፣ ብሎኑም ይታሰራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን የጥገና መመሪያ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ተመልከቱ፤ ወይም የነበረውን ካርድ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ሳታ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት፣ የሦስተኛው ትውልድ ኤንቪኤምኢ ደግሞ እስከ 3,500 ገደማ ያነባል። ለቢሮ ሥራና ለትምህርት ግን እጅ ላይ የሚሰማችሁ ለውጥ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ስትሻገሩ ያለው ነው። «ኤስ ኤስ ዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ስጋትም ከመጠን ያለፈ ነው። ኪንግስተን ኤ400 ባለ 240 ጊጋባይቱ የተገመተለት 80 ቴራባይት ጽሕፈት ነው፤ በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉ 4,000 ቀን፣ ወደ 11 ዓመት ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚገድለው የመብራት ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሐሰተኛውን መለየት ግዴታ ነው። «2 ቴራባይት» ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥ ነገር ውስጡ ብዙ ጊዜ 64 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ለዊንዶውስ የውሸት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ነው የተሠራው። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ጥሩ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የምትጭኑት ፋይል ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ በዊንዶውስ፣ ኤፍ ስሪ በሊነክስ ዲስኩን ሞልተው መልሰው በማንበብ ያጋልጡታል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ለመሙላት ብቻ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከሻጩ ጋር «ነገ ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚል ስምምነት ቀድሞ ይደረግ።

ከመቀየር በፊት የሚወጣውን ነገር በዝርዝር አስቡት። ዴስክቶፕና ዶክመንት ብቻ አይደለም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ ፎንቱ ከሌለ ምልክትና ኮከብ ሆኖ ነው የሚከፈተው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ቅዱት። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ካለ ባክአፑን ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጡ።

ዊንዶውሱ አዲስ ይጫን ወይስ እንዳለ ይገልበጥ? ዓመታት ያስቆጠረና የተዝረከረከ ከሆነ አዲስ መጫን ይሻላል። እንደገና የማታገኙት ፕሮግራም ካለበት ግን ገልብጡት። ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብልና ክሎንዚላ የሚባለው ነፃ የመገልበጫ ፕሮግራም ይበቃሉ። ክሎንዚላ መድረሻው ከመነሻው እኩል ወይም የበለጠ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ባለ 500 ጊጋባይቱን ወደ ባለ 240ው ለመገልበጥ መጀመሪያ የግል ፋይሉን አውጥቶ ክፍልፋዩን ማጥበብ ያስፈልጋል። ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ከበራ አጥፉትና እስኪጨርስ ጠብቁ። ሲገለበጥ ሁለቱ ዲስኮች በስም ተመሳስለው ስለሚቀርቡ የትኛው ምንጭ፣ የትኛው መድረሻ እንደሆነ በመጠንና በሞዴል ቁጥር ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ባዶው በሞላው ላይ ከተገለበጠ መመለሻ የለውም።

ላፕቶፑን ስትከፍቱ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ተነቃይ ከሆነ አውጡት፣ ማብሪያውን 15 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ባለ መስቀል ካቻቢቴ ቁጥር 0 አብዛኛውን ብሎን ይፈታል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ ያለቦታው ከገባ የእጅ ማሳረፊያውን ይበሳል ወይም ማዘርቦርዱን ይነካል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሥላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ሰኩት። ክዳኑን ለማላቀቅ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይበቃል። ባትሪው ውስጥ ከሆነ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የእሱን ሶኬት አላቅቁ። በጋ ላይ የደሴ አየር ደረቅ ስለሆነ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ምንጣፍ ላይ ወይም ባና ላይ ተቀምጦ መሥራት የማይታይ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ሰው የማይሰማው መጠን ራምን ሊገድል ይችላል። ጠረጴዛ ላይ፣ በጥጥ ልብስ፣ እጅን በየጊዜው ብረት እያስነኩ ሥሩ።

አዲሱ ዲስክ ገብቶ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ባዮስ (ከዊንዶውሱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የሳታ አሠራሩ ተቀይሮ እንደሆነ እዩ፤ ዊንዶውሱ ሲጫን የነበረው መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ከዲስኩ 15 ፐርሰንት ያህል ባዶ ይተው። ዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከዚያ በታች ላሉት ሊነክስ ሚንት ጥሩ መጠለያ ነው፤ ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ ሞክሩት።

ራም ላይ ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 3ኤል በ1.35 ይሠራል፤ የኢንቴል 4ኛ ትውልድ ላፕቶፖች 3ኤል ነው የሚፈልጉት፣ ተራው 3 ይገባል ግን አይነሳም። የቆየ ራም አልነሳም ካለ የወርቅ እግሩን በነጭ ላጲስ በስሱ ፈትጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ መልሱት።

ሙቀት በየአገሩ ይለያያል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ የሚገፋው አየር ያንሳል፣ ቅዝቃዜው ግን ያካክሳል። ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ ላይ ማካካሻ የለም። ቡና በሚፈላበትና እጣን በሚጨስበት ክፍል ያለ ኮምፒውተር አቧራው ከጭሱ ጋር ተጣብቆ ይጋገራል፤ በመንፋት ብቻ አይለቅም፣ ፋኑ ወጥቶ በአልኮልና በብሩሽ መጠረግ አለበት። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት አደገኛ ነው። ከቱቦው ውሃና ዘይት ይወጣል፣ ፋኑም ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። የግድ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በቀጭን እንጨት አቁሙት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት ሲቀየር አሮጌው በአልኮል ይጠረግ፣ አዲሱ የምስር ፍሬ ያህል ይበቃል፣ ብሎኖቹም ላያቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር ተራ ይጥበቁ።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ጉዳቱ የሚደርሰው ሲሄድም ሲመጣም ነው። ሲሄድ፣ በመጻፍ ላይ ያለ ርካሽ ኤስ ኤስ ዲ የውስጥ ካርታውን ሳይጨርስ ይቋረጥና በማግሥቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ሲመጣ፣ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነሳ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ስለዚህ እንደጠፋ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ 5 ደቂቃ ቆዩ። ስታቢላይዘር መዋዠቁን ያለዝባል፣ መጥፋቱን አያስቆምም። ለዴስክቶፕ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ፋይል አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ2 ወይም 3 ዓመት ይደክማል። ዩፒኤስን ዲቫይደር ላይ፣ ከዚያም ሌላ ዲቫይደር ዩፒኤሱ ላይ መቀጣጠል ይቅር፤ ፕሪንተርም አይሰካበት።

ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከገዛችሁ ከኋላው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ፈልጉ። 115 ላይ ከሆነ ሳትሰኩ ወደ 230 አንሸራትቱት። እንደዚያው 220 ላይ ከተሰካ በፍንዳታ ይቃጠላል። የብረት አካል ያለው ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሆኖ እጅ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ወይም የቤቱ ሶኬት የምድር መስመር የለውም ማለት ነው፤ ሶኬቱን ኤሌክትሪሺያን ይየው።

ባክአፕ እዚያው ቤት ካለ ግማሽ ባክአፕ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምፒውተር ሲዘረፍ አጠገቡ መሳቢያ ውስጥ የነበረው ውጫዊ ዲስክም አብሮ ነው የሄደው። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ኤስ ኤስ ዲ አይመረጥም፤ ያረጀ ኤስ ኤስ ዲ ያለ መብራት ሲቀመጥ የያዘውን ቀስ በቀስ ይለቃል።

ከኮምፒውተሩ የወጣው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ራሱ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። 05 እና ሲ5 ዜሮ ከሆኑ የዩኤስቢ ማቀፊያ ግዙለት። የምትሸጡት ከሆነ ፎርማት ስታደርጉ ክዊክ የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ያኔ ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን በእርግጥ ይጠፋል። ለኤስ ኤስ ዲ ግን ሰኪውር ኢሬዝ የሚባለውን የአምራቹን ማጥፊያ ተጠቀሙ። የሞተና የግል ነገር ያለበት ዲስክ ከሆነ ሳህኑን ስበሩት፤ የ2.5 ኢንች ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ሳትፈቱት በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ዓይናችሁን ከልላችሁ ምቱት።