የሬኒን ናሙና ፍሪጅ አይግባ፦ በጅማ በጽኑ የታመሙ የኮቪድ ታማሚዎችን ሆርሞን ስንለካ ያየነው

ከኩላሊት የሚወጣውና የደም ግፊትን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ የሬኒን ናሙና በረዶ ላይ እንደማይቀመጥ እናውቅ ነበር። ማንም ያላስጠነቀቀን ሌላ ነገር ነው፦ ናሙናውን የሚቀበለው ክፍል ይህን እንደማያውቅና ቢነገረውም እንደማያምን። በአገራችን «ኮልድ ቼይን» የሚለው ቃል ከክትባት ጋር ገብቶ ሃይማኖት ሆኗል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያልተቀመጠ ነገር ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምር ሰው ካለ ገንዘቡን ሳያወጣ ይህን ያንብብ።

ለምን እንደምንለካ በአጭሩ ልበል። ኩላሊት ሬኒን ይለቃል፤ ሬኒን ከጉበት የሚመጣውን አንጂዮቴንሲኖጅን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን 1 ያወጣል፤ በተለይ በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በብዛት ያለው ኤሲኢ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ እሱን ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይቀይረዋል። አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥር ያጠባል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ጨው የሚያስቀረውን ሆርሞን አልዶስቴሮንን እንዲለቅ ያዛል፣ ተመልሶም ኩላሊትን «ሬኒን ይበቃል» ይለዋል። የኮቪድ ቫይረስ የሚገባበት በር የሆነው ኤሲኢ2 በበኩሉ አንጂዮቴንሲን 2ን ወደ አንጂዮቴንሲን 1-7 እያፈረሰ ግፊቱን የሚያበርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ሁሉም የተናገረው «ቫይረሱ ኤሲኢ2ን ስለሚያጠፋ አንጂዮቴንሲን 2 ይከማቻል» የሚለውን ነበር፤ ከቻይናዋ ሼንዘን የወጣ የ12 ታማሚዎች ጥናትም ደገፈው። ኋላ የመጡት ጥናቶች ግን አልተስማሙም። ሳንባው ክፉኛ ተጎድቶ ግፊቱ የወደቀ ታማሚ ላይ ነገሩ ሊገለበጥም ይችላል፦ የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ ኤሲኢም አብሮ ይጎዳል፣ አንጂዮቴንሲን 1 ይጠራቀማል፣ 2 ያንሳል፣ «ይበቃል» የሚል ስለሌለ ሬኒን ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሬኒን ሥርዓቱ መድረሻው ላይ መድረስ አለመድረሱን ይነግራል፤ አልዶስቴሮን አብሮ ካልተለካ ግን ግማሽ ወሬ ነው።

የሥነ ምግባር ፈቃዱ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀው የስምምነት ቅጽ፣ የኪት ግዢው እንደማንኛውም ጥናት ነው፤ ጊዜ ይበላል እንጂ አያሳስትም።

ደም የምንቀዳው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሬኒንም አልዶስቴሮንም በቀን ውስጥ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ጠዋት ከፍ ይላሉ። አርቴሪያል ላይን (ደም ወሳጅ ሥር ውስጥ የገባ ቀጭን ቱቦ) ካለ ከእሱ ነው፤ የመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ይጣላል፣ ምክንያቱም መስመሩ በሄፓሪን ታጥቦ ሊሆን ይችላል። የወደቀ ግፊት የሚያነሳው መድኃኒት ኖርአድሬናሊን ከሚወርድበት መስመር በፍጹም አይቀዳም። ታማሚው በሆዱ ተኝቶ ከሆነ ይጻፋል፤ የቬንቲሌተሩ ፒፕ (በትንፋሽ ማብቂያ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት) ስንት እንደሆነም ይጻፋል፤ ደረት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ሬኒን ይነሳል።

ቱቦዎቹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለሬኒን ሐምራዊ ክዳን፣ ማለትም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት። ለአልዶስቴሮን ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን፣ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ)። ለኤሲኢ ደግሞ ሴረም ብቻ፤ ሐምራዊው አይሆንም። ኤሲኢም ኤሲኢ2ም ዚንክ ይዘው የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኢዲቲኤ ዚንኩን ሲነጥቃቸው ሥራቸው ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከሐምራዊ ቱቦ የተለካ የኤሲኢ እንቅስቃሴ «ሳንባው ኤሲኢ አጥቷል» የሚል ቆንጆ ውጤት ይሰጣል፤ ያጣው ግን ቱቦው ነው።

ሐምራዊው ቱቦ ቀስ ብሎ 8 ወይም 10 ጊዜ ይገለበጣል፣ መደርደሪያ ላይ በክፍሉ ሙቀት ይቀመጣል፣ በቶሎ ይሽከረከራል። የጅማ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ሴንትሪፊውጁ ላይ «3,500 ዙር» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የሮተሩ ራዲየስ 15 ሴንቲሜትር ከሆነ ከስበት ኃይል ወደ 2,050 እጥፍ ይሆናል፣ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ግን ወደ 1,370 ይወርዳል። ወደ 2,000 እጥፍ ለ15 ደቂቃ በቂ ነው። ባልዲው ክዳን ያለው ይሁን፤ ከቆመም በኋላ 10 ደቂቃ ሳይጠብቁ አይከፈት፣ የኮቪድ ደም ነው። ፕላዝማው በ500 ማይክሮሊትር ተከፋፍሎ ወዲያው ይቀዘቅዛል። «ወዲያው» የምለው በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ላም የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙበት ማሰሮ መለመን አያሳፍርም። ከናይትሮጅኑ ወደ ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው ፍሪዘር ይሻገራል።

አሁን ወደ ተበላሸው ልምጣ።

ደም ውስጥ ሬኒን ብቻ አይደለም የሚዞረው። ገና ያልነቃው ፕሮሬኒን አለ፣ መጠኑም ከሬኒኑ ወደ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፕሮሬኒን የሥራ ቦታውን በራሱ ጭራ ሸፍኖ የተቀመጠ ሞለኪውል ነው። ሲቀዘቅዝ፣ ግን በረዶ ሳይሆን፣ ያ ጭራ ይገለጣል፤ ሬኒንን የሚለካው ኪትም እንደ ሬኒን ይቆጥረዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ፕሮሬኒኑ አሥር እጥፍ ከሆነና አንድ አሥረኛው ብቻ ቢገለጥ፣ የሬኒኑ ውጤት እጥፍ ይሆናል። አደገኛው ክልል የክፍሉ ሙቀትም ጥልቅ በረዶም አይደለም፤ በመካከል ያለው ነው፣ ማለትም ፍሪጅ፣ የበረዶ ሳጥን፣ ቀስ ብሎ የሚቀልጥ ናሙና።

ናሙናው የሚለካው አዲስ አበባ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም ጊቤ በረሃ ላይ ይወርዳል። እኛን ያሳሰበን ያ ሙቀት ነበር፤ ናሙናዎቹ ግን እንደ ድንጋይ ጠጥረው ደረሱ። የተበላሹት ከደረሱ በኋላ ነው። ተቀባዩ ክፍል ዓርብ ከሰዓት ተረከበ፣ ፈረመ፣ ባለሙያው ሰኞ ስለሚገባ «ቀስ ብለው ይቅለጡ» ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ከተታቸው።

ይህን ያወቅነው ከውጤቱ ነው። የጤነኞቹ፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ ደም የሰጡት ሰዎች ሬኒን፣ ኖርአድሬናሊን ላይ ካሉት ታማሚዎች እኩል ሆኖ መጣ። የእነዚያው ጤነኞች አልዶስቴሮን ልከኛ ነበር፣ ፖታሲየማቸውም ልከኛ ነበር፣ የግፊት ኪኒን የሚወስድም አልነበረም። ሬኒኑ ብቻውን ሰማይ የወጣበት፣ አልዶስቴሮኑ ያልተነቃነቀበት ጤነኛ ሰው የለም። ስልክ ደወልን። መልሱ «እንዴ፣ ፍሪጁ እኮ 4 ዲግሪ ነው፤ ሎጉም በየቀኑ ተሞልቷል» የሚል ነበር። ሎጉን፣ ማለትም የሙቀት መመዝገቢያውን፣ ላኩልን አልናቸው፣ ላኩ። እውነትም ተሞልቷል፤ ጠዋትና ማታ 4 ዲግሪ፣ ከነፊርማው። ናሙናችን የሞተበት ሰነድ ማለት ነው፣ እነሱ ግን እንደ ምስክር ወረቀት ነው ያቀረቡት። ደብዳቤ ጻፍን፤ «አሠራራችን በተፈቀደው የሙቀት መጠን ነው» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ መጣ። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ከሁሉ የከፋው ስህተቱ ሁሉንም ናሙና እኩል አለማዛባቱ ነው። ቢሆን ኖሮ ማነጻጸር ይቻል ነበር። ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ዓይኑን ወይም ኩላሊቱን የነካው፣ ፕሮሬኒኑ ከፍ ያለ ነው፤ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። በጽኑ የታመሙት የኮቪድ ታማሚዎች ውስጥ ደግሞ ስኳር ያለበት ሞልቷል። ፍሪጅ የገባ ናሙና ስለዚህ «ስኳር ያለባቸው የኮቪድ ታማሚዎች ሬኒናቸው በጣም ከፍ ይላል» የሚል፣ ሊታተም የሚችል፣ ፍጹም ሐሰት የሆነ ግኝት ይወልዳል። የታተሙት ጥናቶች እርስ በርስ ከማይስማሙባቸው ምክንያቶች አንዱ የናሙና አያያዝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ጽሑፍ ናሙናው እንዴት እንደቀለጠ ካልተናገረ የሬኒን ሠንጠረዡን አልፌ ነው የማነበው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ በወፍራም ማርከር «ፍሪጅ አይግባ» ተጻፈ፤ ቅጹ ላይ ማስፈር አይበቃም፣ ቅጹን የሚያነብ የለም። ናሙና የሚላከው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብቻ ሆነ። አቀላለጡ በክፍሉ ሙቀት፣ በፍጥነት፣ ለዕለቱ ሥራ የሚበቃው ብቻ፤ አንዴ የቀለጠ አይመለስም። ከሁሉ የጠቀመው ሰላይ ናሙና ነው፦ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ፕላዝማ በብዙ ትናንሽ ቱቦ ይከፋፈልና አንዳንዱ ሆን ተብሎ ለ24 ሰዓት 4 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው በረዶነቱን ሳይለቅ ይቆያል። ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ቱቦ፣ በኮድ ብቻ ተለይቶ፣ ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ይሄዳል። የሁለቱ ውጤት ተቀራርቦ ከመጣ አንድ ሰው ሁሉንም ፍሪጅ ከትቷል ማለት ነው። ክርክርም ደብዳቤም አያስፈልግም።

እዚሁ ጅማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ያለውም ችግር ያው ነው። ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለ ፍሪዘር ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ከዜሮ በታች ወደ አምስት ዲግሪ ከወጣ ፕሮሬኒን ሊነቃ ይችላል። በረዶ በሆነ ኩባያ ውኃ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጦ መስመጥ አለመስመጡን ማየት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ግን የሚያሳየው ውኃው መቅለጡን ብቻ ነው፣ አምስቱን ዲግሪ አያሳይም። የሙቀት መዝጋቢ ይገዛ።

ሌላው ሥራ መድኃኒት ማጣራት ነው። አስታማሚው «የግፊት ኪኒን ይወስዳል» ይላል፣ ስሙን አያውቅም። ስም ከመጠየቅ ባዶ እሽጉን ከቤት ማስመጣት ይሻላል። ኤሲኢን የሚያግደው ኢናላፕሪል ከሆነ ሬኒን ይጨምራል፣ የኤሲኢ እንቅስቃሴ ይወድቃል፤ አምሎዲፒን ከሆነ ያን ያህል አያሳስብም። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ ሬኒን ከፍ ያደርጋል፣ ቤታ ብሎከር ያወርዳል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ብዙ ሳላይንም (የጨው ውኃ) ያወርዳል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን የአልዶስቴሮንን መመረት ይቀንሳል፤ ከአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ታማሚ ሄፓሪን የማያገኘው ደግሞ ጥቂት ነው። ጫት የሚቅም ከሆነ መጨረሻ የቃመበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ጅማ ላይ ይህን ጥያቄ የሚዘል ቅጽ ያልተሟላ ነው።

አንጂዮቴንሲን 2ን በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራው ርካሽ ኪት) እንለካ ለሚሉ መልሴ አይሆንም ነው። ደም ውስጥ ዕድሜው ከደቂቃ አይበልጥም፣ ቱቦ ውስጥም መፍረሱን ይቀጥላል። መፍረሱን የሚያግዱት ፔፕስታቲን፣ ፊናንትሮሊንና ኢዲቲኤ የተቀላቀሉበት ቱቦ፣ ወዲያው በረዶ፣ የቀዘቀዘ ሴንትሪፊውጅ ይፈልጋል፤ አያያዙ የሬኒን ግልባጭ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ቱቦ ለሁለቱም አይሆንም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ርካሹ ኪት ስብርባሪዎቹን ከእሱ ጋር አብሮ ሊቆጥር ይችላል። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ከሌለ ገንዘቡ ሬኒንና አልዶስቴሮን ላይ ይዋል።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የመለኪያ አሃዱን እዩ፦ ሬኒን አንዱ በናኖግራም በሊትር፣ ሌላው በሚሊ ዩኒት በሊትር ይጽፈዋል፤ 1 ናኖግራም ወደ 1.67 ሚሊ ዩኒት ነው። ሬኒን ከፍ ብሎ አልዶስቴሮን ዝቅ ካለ ላቦራቶሪው ተሳስቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ በጽኑ የታመመ ሰው ላይ አድሬናሉ ለትእዛዙ መልስ መስጠት ሊያቅተው እንደሚችል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። ያኔ ፖታሲየሙን፣ የሄፓሪኑን መጠንና ሰላይ ናሙናውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከፍ ያለ ሬኒን አይቶ ታማሚው ላይ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን አዲስ ለመጀመር የሚያስብ ሐኪም ካለም ይቆጠብ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሬማፕ ካፕ የተባለ የሕክምና ሙከራ በጽኑ የታመሙት ላይ እነዚህን መጀመር እንዳልጠቀመ፣ ይልቁንም ሳይጎዳ እንዳልቀረ አሳይቷል።