የጣና ደንገል በኦስሎ

ኦስሎ የሄድኩት እህቴን ለመጠየቅ እንጂ ሙዚየም ለመዞር አልነበረም። እሷ ግን ሥራ በምትገባበት ቀን ብቻዬን ቤት ውስጥ እንዳልውል ብላ፣ "ቢግዶይ ሂድ፤ የጥንት መርከቦች አሉ። የአገርህንም ነገር ታያለህ" አለችኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃት ስቃ ዝም አለች።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ወደብ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ፍራም የተባለው መርከብ ያለበት ሙዚየም ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 የተሠራ የእንጨት መርከብ ነው፤ ሆዱ ክብ የሆነው በረዶ ሲያጣብቀው ከመሰባበር ይልቅ ወደ ላይ ሸርተት እንዲል ነው። የኖርዌይ አሳሾች የነበሩት ናንሰን ወደ ሰሜን ዋልታ፣ አሙንድሰን ወደ ደቡብ ዋልታ ተጉዘውበታል። ውስጡ ገብቶ የመኝታ ክፍሎቹን ማየት ይቻላል። ከእነዚያ ጠባብ አልጋዎች በአንዱ ላይ ዓመታት ማሳለፍ! እኔ አንድ ሌሊት አልችልም።

አጠገቡ ያለው የኮንቲኪ ሙዚየም ነው። ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል በ1947 ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ፖሊኔዥያ የደረሰበት፣ ከግንድ የታሰረ ተንሳፋፊ እዚያ ቆሟል። ሰው ሁሉ እሱን ከቦ ፎቶ ያነሣል። እኔም ላነሣ ስል ዓይኔ ወደ ሌላው ጀልባ ሄደና እጄ ቀረ።

ታንኳ ነው! ሸራው ላይ ትልቅ ፀሐይ ተሥሏል፤ ርዝመቱም አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ነው እንጂ አስተሳሰሩ ባሕር ዳር ሳድግ በየቀኑ የማየው ነው። ስሙ ራ ሁለት ይባላል። የተሠራውም ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል (ፓፒረስ) ነው።

ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ። ግብፅ ውስጥ ደንገል ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ከጣና አስጭኖ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች ፒራሚዶቹ አጠገብ የመጀመሪያውን ራ አሠራ። በ1969 ከሞሮኮ ተነሥቶ ካሪቢያን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ኋላው ውሃ ውስጥ ሰመጠና ተዉት። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ግን የጀልባውን ጭራ ከወለሉ ጋር የሚወጥር ገመድ አለ፤ እነሱ ጥቅሙን ሳይረዱ ትተውት ነበር። በዓመቱ ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ራ ሁለትን ሠሩ። ከስምንት አገር የተውጣጡ ስምንት ሰዎችን ይዞ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

ደስ ቢለኝም ቅር አለኝ። ደንገሉን ከጣና ወስዶ ሠሪዎችን ከቻድና ከቦሊቪያ ማስመጣት ምን ይባላል? ወይጦዎች እዚያው ሐይቁ ዳር አሉ፤ ታንኳ ሲያስሩ የኖሩ ናቸው። በእርግጥ የእኛ ታንኳ ማገዶ ጭኖ ገበያ ለመድረስ እንጂ ውቅያኖስ ለመሻገር አልተሠራም። ቢሆንም አኮረፍኩ። የደረቅ ደንገሉን ሽታ ፍለጋ ወደ መከለያው ጠጋ ብዬ አሸተትኩ፤ የሸተተኝ ግን የወለል ማጽጃ ብቻ ነው።

ማታ ባሕር ዳር ላለው አባቴ ደወልኩ። በልጅነቱ ከደሴት ማገዶ ያመላለሰ ሰው ነው፤ ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከባድ እንደሚሆን፣ ዳር ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው እንደሚያደርቁት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም እንደሚጣል እሱ ነው ያስተማረኝ። ይሄኛው ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሞ አየሁት አልኩት።

"ውሃ ካልነካው ምን ይሆናል ብለህ ነው?" አለኝ።