ሲሙሌተር ላይ የፕሮክሲ ሰርተፍኬት፦ የሦስት ምሽት ማስታወሻ

የምሠራው አፕ አንድ አስጨናቂ ችግር ነበረበት። ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ ድንገት ከአካውንቱ ያስወጣዋል። ኮዱን ደጋግሜ ባነበውም ምክንያቱ አልገለጥልህ አለኝ። ስለዚህ አፑ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረውን በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ። ሚትምፕሮክሲን፣ ማለትም አፑና ሰርቨሩ መካከል ገብቶ ትራፊኩን የሚያሳይ ፕሮክሲ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩና ሲሙሌተሩን (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚያስመስለውን ፕሮግራም) አስነሳሁ። የተመሰጠረውን ትራፊክ ለማንበብ ሲሙሌተሩ የፕሮክሲውን ሰርተፍኬት፣ ማለትም የማንነት ማረጋገጫ ፋይሉን፣ ማመን አለበት። አንድም ሪኩዌስት (አፑ ለሰርቨሩ የሚልከው ጥያቄ) አላለፈም። ሎጉ ላይ የሚወርደው ያው አንድ ነገር ነው፦ ደንበኛው (አፑ) የፕሮክሲውን ሰርተፍኬት አያምንም። ጭኜዋለሁ እኮ!

ከአይኦኤስ ልጀምር። ሲሙሌተሩ የራሱ ኔትወርክ የለውም፤ የማኩን ነው የሚጠቀመው። ማኩ ላይ ፕሮክሲ ስታስተካክሉ የሲሙሌተሩም ትራፊክ አብሮ ይሄዳል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ኔትወርኩ የጋራ ከሆነ እምነቱም የጋራ ይሆናል ብዬ ሰርተፍኬቱን ማኩ ኪይቼይን (የይለፍ ቃልና የሰርተፍኬት ማስቀመጫው) ውስጥ ከትቼ፣ "ሁልጊዜ እመን" የሚለውን መርጬ ተቀመጥኩ። ሲሙሌተሩ ግን የሚያምናቸውን የሰርተፍኬት ፈራሚዎች ዝርዝር ለብቻው ነው የሚይዘው። የማኩን ኪይቼይን ዞር ብሎም አያየውም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሲሙሌተሩ ውስጥ ሳፋሪን ከፍቶ ሰርተፍኬቱን ማውረድና ከሴቲንግስ ፕሮፋይሉን መጫን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይወጣል። ከአይኦኤስ 10.3 ጀምሮ ግን አንድ ደረጃ ይቀራል፦ ጀነራል፣ አባውት፣ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ ሰርተፍኬት ትረስት ሴቲንግስ። እዚያ ያለችውን ማብሪያ እስክታበሯት ድረስ ሰርተፍኬቱ ተጭኖ አይታመንም። ሁለተኛው መንገድ ከኤክስኮድ (የአፕል የአፕ መሥሪያ ፕሮግራም) 11.4 ወዲህ የመጣው ትእዛዝ ነው። ተርሚናል ላይ የሲምሲቲኤልን (የሲሙሌተር መቆጣጠሪያውን) "ኪይቼይን" ትእዛዝ "አድ-ሩት-ሰርት" ከሚለው ጋር ጽፎ የፋይሉን አድራሻ መስጠት። አንድ መስመር ነው፤ ማብሪያ ፍለጋም የለም። አሁን የምጠቀመው ይህንን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሌላ የስልክ ሞዴል ሳስነሳ ያ ስህተት ተመልሶ መጣ። እያንዳንዱ ሲሙሌተር የየራሱ ዝርዝር አለው ለካ። "ሁሉንም አጥፋ" ካላችሁት ደግሞ ሰርተፍኬቱም አብሮ ይጠፋል። ትእዛዙን አጭር ስክሪፕት ውስጥ አስገባሁትና ተገላገልኩ።

የአንድሮይዱ ከባድ ነበር። መጀመሪያ ኢሙሌተሩ (የአንድሮይዱ ሲሙሌተር) የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ የፕሮክሲውን አድራሻ 127.0.0.1 ብዬ ሞላሁ። ኢሙሌተሩ ውስጥ ግን ያ ቁጥር ራሱን ኢሙሌተሩን ነው የሚያመለክተው። ኮምፒውተራችሁ የሚገኘው 10.0.2.2 ላይ ነው። ፖርቱ እንደ ፕሮክሲያችሁ ነው፤ የሚትምፕሮክሲ 8080 ነው።

እዚህ ጋ አንድ በጣም የጠቀመኝን ዘዴ ልንገራችሁ። ሰርተፍኬቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኢሙሌተሩ ብራውዘር ላይ "ሚትም ነጥብ አይቲ" የሚለውን አድራሻ ክፈቱ። ትራፊኩ በፕሮክሲው እያለፈ ከሆነ የሰርተፍኬት ማውረጃ ገጽ ይመጣል። ካላለፈም ገጹ ራሱ ይነግራችኋል። ያኔ የመንገድ ችግር ይሁን የእምነት ችግር በአንድ ደቂቃ ትለያላችሁ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አንድ ሙሉ ምሽት ይተርፈኝ ነበር።

ገጹ መጣ። ሰርተፍኬቱን አወረድኩ፤ ከሴቲንግስ "ሲኤ ሰርተፍኬት" (የፈራሚ ሰርተፍኬት) ብዬ ጫንኩ። ብራውዘሩ ሠራ። አፑ ግን እምቢ አለ! ምክንያቱ ይኸውላችሁ፦ በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7 ጀምሮ አፖች ተጠቃሚው የጨመረውን ሰርተፍኬት በራሳቸው አያምኑም። የሲስተሙን ብቻ ነው የሚያምኑት። አፑ የእናንተ ከሆነ የኔትወርክ ሴኪዩሪቲ ኮንፊግ ፋይል ትሠራላችሁ። እዚያ ውስጥ ዲበግ ኦቨርራይድስ በሚለው ክፍል "የተጠቃሚውንም እመን" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ክፍሉ የሚሠራው ዲበግ ቢልድ (ለሙከራ የሚሠራው የአፑ ቅጂ) ላይ ብቻ ስለሆነ ለተጠቃሚ የሚደርሰውን አፕ አያላላውም። ይህ አሠራር ደስ ይለኛል።

እኔ ፋይሉን ጽፌ ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ መጥቀሱን ረሳሁት። አይታይም፣ ስህተትም አያወጣም፤ ዝም ብሎ አይሠራም። ግማሽ ሰዓት በላብኝ።

ከዚያ ሪሊስ ቢልዱንም (ለተጠቃሚ የሚደርሰውን ቅጂ) ማየት አስፈለገኝ። ያኔ ሰርተፍኬቱን ሲስተሙ ውስጥ ከማስገባት ሌላ አማራጭ አልነበረም። ፕሌይ ስቶር ያለበት የኢሙሌተር ኢሜጅ (የሲስተም ቅጂ) ሩት፣ ማለትም ሲስተሙን የመለወጥ ሙሉ ሥልጣን፣ አይፈቅድም፤ "ጉግል ኤፒአይስ" የሚለውን ምረጡ። ኢሙሌተሩን "ራይተብል ሲስተም" በሚለው አማራጭ አስነሱት፤ ከዚያ በኋላም ባስነሳችሁት ቁጥር እንዲሁ። የፋይሉ ስም እንደፈለጋችሁ አይሆንም። ኦፕንኤስኤስኤል (የሰርተፍኬት መሥሪያ መሣሪያ) በድሮው ስሌት የሚያወጣው ስምንት ፊደልና ቁጥር፣ ከኋላው ነጥብ ዜሮ መሆን አለበት። በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 ደግሞ የሲስተሙን ሰርተፍኬቶች ወደ ኤፔክስ ሞጁል (ለብቻው የሚታደስ የሲስተም ክፍል) ስላዞራቸው የድሮው ፎልደር ላይ መጨመር ብቻውን አይበቃም። ለጊዜው አንድሮይድ 13 ኢሜጅ ላይ ሠራሁ።

በፍላተር (የጉግል የአፕ መሥሪያ) ለምትሠሩ፦ ፍላተር የሲስተሙን ፕሮክሲ አይከተልም፤ ኮዱ ውስጥ ለብቻው መንገር አለባችሁ። አፑ ሰርተፍኬት ፒኒንግ (የተወሰነ ሰርተፍኬትን ብቻ የማመን አሠራር) ካለው ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አይጠቅምም፤ መጀመሪያ ዲበግ ቢልዱ ላይ ፒኒንጉን አጥፉት።

አንድ አደራ አለኝ። ሚትምፕሮክሲ የሚፈጥራቸው ፋይሎች ስማቸው ይመሳሰላል። "ሲኤ-ሰርት" የሚለው ሰርተፍኬቱ ብቻ ነው። "ሲኤ" ብቻ የሚለው ግን የምስጢር ቁልፉንም ይዟል። እኔ ስክሪፕቱን ለጓደኞቼ ላጋራ ስል ሁለተኛውን አብሬ ልልክ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ያ ቁልፍ ያለው ሰው ሰርተፍኬቱን ያመነውን መሣሪያ ሁሉ ትራፊክ መጥለፍ ይችላል። ማኩ ኪይቼይን ውስጥ የከተትኩትንም በዚያው ምሽት አጠፋሁት።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ሪኩዌስቶቹ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ችግሩም እዚያው ታየ። አፑ ቶክኑን (ተጠቃሚው መግባቱን የሚያረጋግጠውን የመለያ ኮድ) ለማደስ ሁለት ሪኩዌስት በአንዴ ይልካል። ሰርቨሩ አንደኛውን ተቀብሎ አሮጌውን ቶክን ይሽረዋል። ሁለተኛው በተሻረው ቶክን ይደርስና 401 (ፈቃድ የለህም የሚል መልስ) ይመለስለታል። አፑም 401 ሲያይ ተጠቃሚውን ያስወጣዋል። ዛሬ ማታ የምጽፈው እሱን ማስተካከያ ነው።