የጣሪያችን ዝናብ

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ልቤ ከብዷል። ምን ሆንክ ብባል የምመልሰው የለኝም፤ የታመመብኝም የተጣላኝም ሰው የለም። ደሴ በክረምት ሰውን እንዲህ ታደርጋለች። ጦሳ ከማለዳ እስከ ቀትር አይታይም፤ ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ግንባሩን ያሳየንና መልሶ በጉም ይሰወራል። እኛም ከሥሩ ያለነው ሰዎች፣ ተራራችን ስለተሸፈነብን ብቻ አንድ ዘመድ የቀረብን ይመስል፣ በየደጃችን ቆመን ወደ ላይ እናንጋጥጣለን።

እናቴ ባለፈው ግንቦት የዐይን ሞራዋ እንደተገፈፈላት ታስታውሳላችሁ። ሐኪሙ ፋሻውን የፈታላት ዕለት መጀመሪያ ያየችው የራሷን እጅ ነበር፤ አገላብጣ አየችውና «አርጅቻለሁ ለካ» አለች። ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ላይ እየተቀመጠች ያገኘችውን ሁሉ ስታይ ትውላለች፤ ነገር ግን ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ ዐይኗ ከጎረቤት አጥር አያልፍም። ትናንት ቡና እየጠጣን፣ አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀዳ፣ «አላህ መልሶ የሰጠኝን ዐይን በአጥር ልጨርሰው ነው?» አለችኝ። ይህ ነገር ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ አናት ላይ ወዳለው ምግብ ቤት ይዣት ወጣሁ።

ስንደርስ ሊፍቱ ቆሟል። መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ለማብሰያ ቤቱና ለአምፖሎቹ ብቻ የሚበቃ እንደሆነ ነገሩን። ልመልሳት ብል እሺ አላለችም፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በየፎቁ ቆም እያለችና «ያ ረቢ» እያለች፣ ስድስቱን ፎቅ በእግሯ ወጣችው። አራተኛው ላይ ስንደርስ አንድ አስተናጋጅ ከላይ ወንበር ይዞላት ወርዶ አስቀመጣትና «አብሽሩ እማማ፣ ሁለት ብቻ ነው የቀረዎት» አላት። የዚህን ልጅ ደግነት አልረሳውም። ሆኖም አረጋዊና አካል ጉዳተኛ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ገበታ መዘርጋት ልክ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ከላይ ሆኖ አገሩን ለማየት የሚጓጓው ብዙ ዘመን የኖረበት ሰው ነውና።

የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በሰው ትንፋሽና በምግብ እንፋሎት ደብዝዞ ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ የቡና ሰሃን የምታክል ክብ ጠረገችና ግንባሯን አስጠግታ ማየት ጀመረች። መጀመሪያ ከጉም በቀር ምንም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ከአዝዋ ገደል በኩል ነፋስ ሲነሣ ጉሙ ተቀደደና ከተማው ቁርጥራጭ ሆኖ ብቅ አለ፤ የሸዋ በር መስጊድ ሚናራ፣ የመድኃኔ ዓለም ጉልላት፣ ከዚያ ደግሞ በዝናብ የረጠበ፣ ዳር ዳሩ የማይታይ ቆርቆሮ። እኔ አንዱን ከአንዱ እየለየሁ ልነግራት ስሞክር እርሷ አትሰማኝም ነበር፤ ቤታችንን እየፈለገች ነበር። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት ከላይ አይታው አታውቅም። ከታች የምታውቀው መንገድ ከላይ ሲታይ ሌላ ሆኖባት ብዙ ተቸገረች፤ በመጨረሻ በጎረቤቶቻችን ሰማያዊ ጣሪያዎች መካከል ቡናማውን አገኘችው፤ ጣቷንም መስታወቱ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ አላነሣችውም።

«እንዲህ ዝጓል?» አለች። «አባትህ ሲያለብሰው ዐይን ይወጋ ነበር እኮ።»

ያዘዝነው የሐይቅ ዓሣ ጥብስ መጥቶ ሲቀዘቅዝ እንኳ ፊቷን ከመስኮቱ አላዞረችም። እንድትበላ ያደረግኋት አይጠየፍን አሳይቼ ነው። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ይህን ስም ያገኘው ድኻና ባለጸጋ ሳይለይ፣ ማንንም ሳይጠየፍ ያበላ ስለነበር ነው እየተባለ ይነገራል፤ እናቴም ይህን ከአያቷ አፍ ሰምታ ያደገች ስለሆነ፣ አዳራሹን ስታይ የእንጀራ ጠርዝ ቆርሳ በእጇ ይዛ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያም «ከላይ ሆኖ አገርን ማየትም እንደዚያ ግብር ለሁሉ ይገባ ነበር» አለችኝ።

ይህን ስትል እኔ ከደሴ ወጣሁ። ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለሥልጠና ካይሮ በሄድሁ ጊዜ እህቴ እዚያ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። የካይሮን ማማ ከምትሠራበት ቤት የኩሽና መስኮት በየቀኑ ታየዋለች፤ አንድም ቀን ግን ወጥታበት አታውቅም። የወጣነው እኔ በመምጣቴ ለምና ባገኘቻት የግማሽ ቀን ዕረፍት ነው። ማማው ገዚራ በሚባለው፣ ዓባይ በመካከሉ በሚያቅፈው ደሴት ላይ የቆመ ሲሆን ቁመቱ 187 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን እንደ ወንፊት ተበስቶ የተሠራው ኮንክሪት ወደ ላይ ሲደርስ እንደ ሎተስ አበባ ይፈካል። የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ «በታኅሣሡ ግርግር ዓመት ተወለድሁ» ስለምትል ሁለቱ እኩያ ናቸው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ከእርሱ የሚበልጥ እስኪሠራ ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል በአፍሪካ ምድር የሚስተካከለው አልነበረም።

ለእናቴ ግን ማማ ማለት ሌላ ነው። ቃሉ ወረዳ ውስጥ በልጅነቷ ማሽላው ሲያሽት ከአራት እንጨት የተሠራ ማማ ላይ እየዋለች በወንጭፍ ወፍ ትጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ከካይሮ ደውዬ «ማማ ላይ ወጥተናል» ስላት «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ምን መልስ እንደሰጠኋት አላስታውስም።

በማማው አናት አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ይዞራል። መዞሩ አይታወቅም፤ እህቴ ሻሿን ፈትታ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኑራው ነበርና ሾርባዋን ጨርሳ ዞር ስትል ሻሹ የለም፤ ጠርዙ ባለበት ሲቆም ወለሉ እኛን ይዞ ሄዷል። አንድ ሱዳናዊ አስተናጋጅ ሌላ ገበታ አጠገብ አግኝቶ አመጣላት። ፒራሚዶቹን በደቡብ ምዕራብ፣ ከአቧራው ውስጥ፣ ትናንሽ ሆነው አየናቸው። እኔ ግን ሳላውቀው ተራራ እፈልግ ነበር፤ የደሴ ሰው ዐይኑን ከፍ ሲያደርግ የሚያሳርፍበት ተራራ ይፈልጋል፤ ካይሮ ደግሞ ሜዳ ናት። እህቴ ይህን ሳልነግራት ገባት። ወደ ውጭው በረንዳ ከወጣን በኋላ በሁለት እጇ ትከሻዬን ይዛ ፊቴን ወደ ደቡብ አዞረችውና «ተራራ የለም፤ ውሃው ግን የሚመጣው በዚያ በኩል ነው» አለችኝ። ሲከፋት ከገበያ ስትመለስ ድልድዩ ላይ ቆማ እንደምታየው ነገረችኝ። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ የግማሽ ቀኗ እያለቀ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ዛሬ፣ ዓሣው ቀዝቅዞ፣ ዝናቡም መስታወቱን እየመታ ሳለ ነገርኋት፤ የድልድዩንና የግማሽ ቀኑን ግን ዘለልሁት። ሰምታ ስታበቃ ወደ መስኮቱ ዞረችና በቀስታ ጠየቀችኝ።

«እርሷ ከወጣችበት ማማ ላይ እኛ እንታያለን?»

አንታይም አልኋት። ፊቷ ሲጠቁር ግን አልቻልሁም። «ከሥሯ የሚያልፈው ውሃ ግን የእኛ ነው» አልኋት። ግብፅ ከሚደርሰው 100 እንስራ ውስጥ 85 ያህሉ ከአገራችን እንደሚሄድ፣ በሽሎ እዚሁ ከኩታበር ወዲያ ተነሥቶ በመቅደላ ሥር አድርጎ ዓባይን እንደሚቀላቀል፣ ከዚያም ከህዳሴው ግድብ አልፎ፣ ካርቱም ላይ ከነጩ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ፣ አስዋን ግድብ ላይ ዐርፎ በእህቴ ማማ ሥር እንደሚያልፍ አንድ በአንድ ተረክሁላት። ኩታበርን ታውቃለች፤ በወጣትነቷ ለሠርግ ሄዳበታለች። አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ከዚያ እንደገና በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገች፤ ዝናቡ በዛገው ጣሪያችን ላይ ሲወርድ እያየች «በል እንግዲህ ሂድ፤ ደኅና ነን በላት» አለች። የምትናገረው ለዝናቡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን እንደበላን፣ ስንት እንደከፈልሁ፣ ደረጃውን እንዴት እንደወረድን በደንብ አልከታተልሁትም። እናቴ ግን ስትወርድ አልደከማትም።

ይህን የምጽፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። እናቴን ካስተኛሁ በኋላ የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህራችን በጠመኔ የሣለው ሥዕል ትዝ አለኝና ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። መምህራችን የውሃ መለያያ መሬት ምን እንደሆነ ሲያስረዳን ሰሌዳው ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ከጣሪያው ጫፍ በስተ ግራ የወረደው ጠብታ አንዱ ግቢ ይገባል፣ በስተ ቀኝ የወረደው ሌላው ግቢ፤ ከሰማይ ግን ሁለቱ አብረው ነው የወረዱት። የወሎ ደጋ እንደዚያ ቤት ነው ብሎን ነበር። ከኩታበር ወዲያ የዘነበው ለዓባይ ነው። ደሴ ላይ የዘነበው ግን የቦርከና ነው። ቦርከና በዶሮ መዝለያ ገደል ተወርውሮ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በከሚሴ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አፋር ምድር ውስጥ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ በዚያው ይቀራል። ባሕር አይደርስም። ካይሮም አይደርስም።

ስለ በሽሎ የነገርኋት እውነት ነው፤ ስለ ጣሪያችን ግን የነገርኋት ነገር አልነበረም፤ እርሷ ናት ያገናኘችው። እኔ ዝም አልሁ። ከስድስተኛው ፎቅ ላይ ሆኜ፣ ደሴ በተራራ መካከል እንደ ገበቴ ተቀምጣ፣ ውሃዋ በየትኛው በኩል እንደሚፈስ በዐይኔ እያየሁ ዝም አልሁ። ያን ያህል ከፍ ብለን ወጥተን፣ ያንን ሁሉ አገር በአንድ መስኮት አይተን፣ ልንደርስበት የፈለግነው ሰው ያለበት አቅጣጫ ከተራራው ወዲያ መሆኑ ልቤን አደማው። ኩታበር ሩቅ አይደለም፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጦሳ ባይኖር፣ መሬቱም በዚያ በኩል ጥቂት ዘመም ቢል፣ የእናቴ ሰላምታ ይደርስ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። ዝናቡ በርትቷል። እናቴ ተኝታለች ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በሩ ተንቋቋና የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማኝ። በመስኮት አየኋት። በየክረምቱ ለልብስ ማጠቢያ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ከአሸንዳው ሥር ነው የሚቀመጠው፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ካስቀመጠበት ቦታ ተነቃንቆ አያውቅም። እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ በርሜሉን በሁለት እጇ እየገፋች ወደ ግድግዳው አሸሸችው። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ መሬቱን እየቦረቦረ ወደ በሩ፣ ከበሩም ወደ መንገዱ ቦይ መፍሰስ ጀመረ። ከደጃፉ ሥር ቆማ መንገዱ እስኪዞር ድረስ በዐይኗ ሸኘችው፤ በዚያ በዳነው ዐይኗ።

ገብታለች፤ አልጋዋ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። ነገ ማለዳ ቡናው ላይ ልንገራት? ወይስ ኩታበር ድረስ ወስጃት፣ ከዚያ ከበሽሎ ራስጌ ላይ ሆና እንደገና ሰላምታዋን ትላክ? በርሜሉንስ ምን ላድርገው?