የስምንት ቀን ሕፃን አይደለሁም

ጎጃም ውስጥ ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ክርክር የለውም። ጥር 6 የጌታን ግዝረት የሚያከብር አገር ነው። ለዚህ ነው በአዋቂነት ስለመገረዝ የሚጠየቅ ሰው የማይገኘው። ሁሉም የሚያውቀው የሕፃኑን ነው። ምክሩም፣ ሕክምናውም፣ ፌዙም ከዚያ ይቀዳል። እኔን ያሰቃየኝ ይኸው ነው።

የእኔ ስምንተኛ ቀን ያለፈው በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ነው። እሱ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ቤተሰቡ ሲርበተበት አደረ። እናቴም ከዚያ ወዲያ ምላጭ የያዘ ሰው ደጇን እንዳይረግጥ ማለች። «ጠንከር ይበልና» ተባለ። ጠነከርኩ፣ ተረሳ። ካገባሁ በኋላ ሸለፈቱ እየጠበበ ሄዶ ወደኋላ አልመለስ አለ። እየደጋገመም ያመረቅዝ ጀመር። ቅባቱ ሁሉ ሲያቅተው ከቡሬ ባሕር ዳር ሄጄ አንድ የግል ክሊኒክ ተገረዝኩ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ የሚወራለት አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ስኳሬን ለካ፤ አዋቂ ላይ እንዲህ የሚመላለስ ቁስል ከስኳር በሽታ ጋር ሊመጣ ይችላልና። የወንድሜን ታሪክ ስነግረው ደሜ በደንብ እንደሚረጋም አስመረመረ። በቤተሰብህ ደም የማይቆምለት ሰው ካለ፣ ሳትጠየቅ ተናገር። የማደንዘዣዋ መርፌ ታማለች፤ ከእሷ በኋላ መነካካቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማም። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ነው። ተሰፋሁ፣ ተጠቀለልኩ፣ ተሸኘሁ።

መከራው ፋሻው ላይ ነበር።

ሲሸኙኝ የተነገረኝ ይህ ብቻ ነው፦ «ደረቅ አድርገህ ያዘው፣ ሰፊ ሱሪ ልበስ፣ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው አካባቢህ ጤና ጣቢያ ይፈቱልሃል።» ደም የጠጣ ጎዝ፣ ማለትም ቁስሉ የተሸፈነበት ስስ ጨርቅ፣ ሲደርቅ ከስፌቱ ጋር አንድ እንደሚሆን ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በዳንግላ፣ በእንጅባራ አድርጌ በሚኒባስ ተመለስኩ። መንገዱን ቻልኩት። ከመናኸሪያ እስከ ቤት ኮብልስቶን ላይ የነጠረው ባጃጅ ግን እንባዬን አመጣው።

ቀኑ ሲደርስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ በመስኮቱ ጮክ ብላ «ምንህን ነው?» አለችኝ። ቁስል ነው አልኳት። «የምን ቁስል?» ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ጆሮውን አቆመ። ጎረቤቴም እዚያ ውስጥ ነበረ። የቀዶ ጥገና ነው ብዬ አለፍኩ። ድሬሲንግ ክፍሉ ተቆልፏል። የቁልፉ ባለቤት ስልጠና ሄዷል ተባለ። መቼም ስልጠና ያልሄደ ባለቁልፍ አይቼ አላውቅም። «ነገ ና።»

ማታውን ጎዙ ይበልጥ ደርቆ ሲጨመድደኝ አደረ። በማግስቱ አንድ ወጣት ባለሙያ ተገኘ። ዶክተር ብዬ ስጠራው አላረመኝም። ሱሪዬን ዝቅ ሳደርግ ሳቀ፤ «በዚህ ዕድሜህ?» አለና ጓደኛውን ጠራ። እሱም መጥቶ አየ። ከዚያ የጎዙን ጫፍ በፒንሳ ያዘ። ተጣብቋል፣ ውሃ ነገር ቢደረግበትስ ብዬ ለመንኩ። «ቶሎ ሲሆን አያምም» አለና ላጠው።

የተሰማኝን አልጽፍም። ጎዙ ከስፌቱ ሁለት ክር ይዞ መጣ፤ ደሙም ፈሰሰ። ልጁ ደነገጠና ጥጥ እያመጣ ይጠርጋል፣ ያነሳል፣ ያያል፣ እንደገና ይጠርጋል። ደም የሚቆመው ግን በመጥረግ አይደለም። ንጹሕ ጎዝ ይደረግበትና ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፤ ለማየት እንኳ ሳይነሳ 10 ደቂቃ። ይህን ያደረጉልኝ ጩኸቴን ሰምተው ከማዋለጃ ክፍል የመጡ አንዲት ጎልማሳ ሲስተር ናቸው። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ልጁን ደግሞ «የሕፃን መሰለህ እንዴ?» ብለው ገሠጹት። ደሙ ቆመ። በቫዝሊን የራሰ ጎዝ አድርገው ሸፈኑልኝ። ቴታነስ ተከትቤ እንደሆነም የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቱ ይመለስብኛል። ውሃው እዚያው ነበር። ጨው ሰው ቤት ሁሉ አለ።

ሲስተሯ ያስተማሩኝን ልንገርህ። አንድ ሊትር ውሃ ታፈላለህ፤ 9 ግራም ገደማ ጨው ትጨምራለህ፤ ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ለብ ሲል ፋሻው ላይ ቀስ እያልክ ታፈስበታለህ፤ ራሱ እስኪለቅ። ያልለቀቀውን አትጎትተውም፤ ቆይተህ ትደግማለህ። ከዚያ በኋላ አዲሱ ጎዝ ላይ ሁልጊዜ ቫዝሊን። «ደረቅ አድርገህ ያዘው» የሚባለው ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ነው፤ በሚፈታበት ሰዓት ደረቅ ነገር ጠላትህ ነው። እኔ ብሆን ከእንግዲህ ክሊኒኩ ራሱ ሳይፈታልኝ ከባሕር ዳር አልወጣም፤ የአልጋ ኪራይ ከዚያ ጉተታ ይረክሳል።

ሰፊ ሱሪ የሚለውንም አልቀበልም። አገራችን ቁምጣ ሞልቷል፣ አየርም ይገባዋል፣ ግን ወደታች የተንጠለጠለ ነገር ያብጣል። በየእርምጃውም ከጨርቅ ጋር ይታሻል። ለእኔ የሠራው ደህና አድርጎ የሚይዝ ንጹሕ የጥጥ ፓንት ነው፤ ወደላይ፣ ወደ እምብርት አቅጣጫ አድርጎ መያዝ። እብጠቱ ወዲያው ቀለለ። ቁምጣውን ከላይ ልበሰው።

ሌሊቱ ሌላ ጣጣ ነው። አዋቂ ወንድ ተኝቶ ሳለ ይቆምበታል፤ በፈቃዱ አይደለም። ስፌቱ ሲወጠር ከእንቅልፍህ ዘለህ ትነሳለህ። ከመተኛትህ በፊት ሽንትህን ሽና። በጎንህ ጉልበትህን አጥፈህ ተኛ። ሲመጣብህ ተነስና በባዶ እግርህ ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ ተመላለስ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን አትውሰድ።

ቤት ያለው ምክር ደግሞ አያልቅም። አክስቴ አረቄ ይዛ መጣች፤ ቁስሉ ላይ ልታፈስ። «የስምንት ቀን ልጅ የቻለውን አንተ ታለቅሳለህ?» አለችኝ። እትዬ፣ የስምንት ቀኑ ልጅ ስፌት የለው፣ ሚስት የለው፣ ሥራ የለው አልኳት። አረቄ የሚድነውን ሥጋ ያቃጥላል። ሌላው ማር ቅባ አለኝ። በማር ቁስል ማከም በሕክምናም አለ፤ ግን ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀና ከጀርም የጸዳ ነው። የገበያውን ማር ለጠጅ ተወው። ቅጠልና አመድማ ጭራሽ አይነካካህ፤ ቴታነስ የሚመጣው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ቁስሉ መጥገግ ሲጀምር ስስ ቢጫ ነገር ለበሰ። መግል መስሎኝ ፋርማሲ ሮጥኩ፤ ባለፋርማሲው ሳያየው አሞክሳሲሊን ሸጠልኝ። ገንዘቡን በላኝ። ያ ቢጫ ሽፋን የመዳን ምልክት ነው፤ አይሸትም፣ ሕመም አይጨምርም፣ እየፈቀፈቅክ ማንሳትም የለብህም። የሚያስፈራው ቀን በቀን የሚብስ ሕመም፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ የሚሸት መግል፣ ትኩሳት፣ ወይም ሽንት እምቢ ማለት ነው። እነዚህን ካየህ ጤና ጣቢያውን እለፈውና ሆስፒታል ግባ።

ቁስል ተሸክሞ ማረስ፣ ጆንያ ማንሳት፣ ብስክሌትና ሞተር መንዳት አይሆንም። ስፌቱ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ እየሟሸሸ ይረግፋል። ውጪው ያማረ ይመስላል። ያ ወጣት ባለሙያም «ከሚስትህ ጋር ለመተኛት ሁለት ሳምንት ይበቃሃል» ብሎኝ ነበር። አይበቃም። የሚመከረው ስድስት ሳምንት ነው፤ በራስ እጅ የሚደረገውንም ይጨምራል። ወንድ ሲገረዝ ከሴት ወደ ወንድ የሚተላለፈው ኤችአይቪ ወደ 60 በመቶ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ጥናት ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 እንደ አውሮፓውያኑ ይህን ተቀብሎ መክሯል። ታዲያ ቁስሉ ሳይሽር ለሚቸኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ ክፍት ቁስል ለቫይረሱ በር ነው። ጋምቤላ ውስጥ አዋቂዎችን መግረዝ ራሱን በቻለ ፕሮግራም ስለተሠራበት ይህ ሁሉ የታወቀ ምክር ነው። እኛ ጋ ግን ጠያቂም መላሽም የለም።

ስድስቱን ሳምንት አንድ አልጋ ላይ ሆኖ መጠበቅ ከባድ ነው። እኛ ቤት ባለቤቴ እናቷን ልትጠይቅ ደጀን ሄደች። ሲሞላ ደወልኩላት።